ጠብታ ማየትና ጠብታን ማረጋገጥ፦ ቋሚ ቅርጽ የሌላቸው ፕሮቲኖች በሚጠኑባቸው የላቦራቶሪ ዘዴዎች ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

መግቢያ

በሰው ሕዋስ ውስጥ ከሚገኙት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ተግባራቸውን የሚያከናውኑት በተጣጠፈና ቋሚ በሆነ ቅርጻቸው አማካይነት ነው። ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ተሸክሞ የሚዞረው፣ ኢንዛይምም የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ለይቶ የሚይዘው ቅርጹ ስለሚፈቅድለት ነው። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን ከፊል ወይም መላ አካላቸው ቋሚ ቅርጽ የማይዝ፣ እንደ ላላ ክር ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚለዋወጡ ፕሮቲኖች አሉ። ክምችታቸው ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ እነዚህ ፕሮቲኖች በደካማ ትስስር እርስ በርሳቸው ይሳሳቡና፣ ዘይት ከውሃ እንደሚለይ ሁሉ፣ ከከበባቸው ፈሳሽ ተለይተው ጠብታ ይሠራሉ። ክስተቱ የፈሳሽ ከፈሳሽ መለያየት ይባላል።

ጉዳዩ የፊዚክስ ሊቃውንት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኤፍ.ዩ.ኤስ.፣ ቲ.ዲ.ፒ.-43 እና ታው የተባሉት ፕሮቲኖች ሁሉም ቋሚ ቅርጽ የሌለው ክፍል ያላቸው ሲሆኑ፣ በላቦራቶሪም ጠብታ ሲሠሩ ታይተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የእንቅስቃሴ ነርቮችን በሚያመነምነው በሽታ (ኤ.ኤል.ኤስ.)፣ ታው ደግሞ በአልዛይመር በሽታ በተያዙ ሰዎች ነርቮች ውስጥ ተከማችተው የሚገኙ ናቸው። በዚህም ምክንያት ጤናማው ጠብታ ቀስ በቀስ ጠጥሮ ነርቭን ይገድላል የሚለው አስተሳሰብ በሕክምና ጉባኤዎችና በመድኃኒት ምርምር ዕቅዶች ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። አስተሳሰቡ ማራኪ ነው። የቆመባቸው ማስረጃዎች ግን ሁሉም እኩል ክብደት ያላቸው አይደሉም። የዚህ ዳሰሳ ዓላማም ማስረጃዎቹ የተገኙባቸውን የላቦራቶሪ ዘዴዎች አንድ በአንድ መርምሮ እያንዳንዱ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ ማሳየት ነው።

የዘርፉ አነሳስ

እ.ኤ.አ. በ2009 ክሊፎርድ ብራንግዊን፣ አንተኒ ሃይማንና ባልደረቦቻቸው በድሬስደን ከሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ያወጡት ጥናት ለዘርፉ በር ከፍቷል። ጥናቱ የተካሄደው ሲ. ኤለጋንስ በተባለች ደቃቅ ትል የዘር ሕዋሳት ላይ ሲሆን፣ በሕዋሱ ውስጥ የሚገኙ ፒ የተባሉ ቅንጣቶች እንደ ጠጣር አካል ሳይሆን እንደ ፈሳሽ እንደሚፈሱ፣ ሁለቱ ሲገናኙ እንደሚዋሃዱና በኒውክለሱ ላይ እንደሚንጠባጠቡ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዳላስ የማይክል ሮዘን ቡድን ብዙ መያያዣ ያላቸው ፕሮቲኖች በቱቦ ውስጥ ጠብታ እንደሚሠሩ አረጋገጠ፤ በዚያው ዓመትና በዚያው ተቋም የስቲቨን ማክናይት ቡድን የኤፍ.ዩ.ኤስ. ቅርጽ አልባ ክፍል ወደ ዝልግልግ አካል እንደሚለወጥ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የሃይማን ቡድን የኤፍ.ዩ.ኤስ. ጠብታ በሰዓታት ውስጥ ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት እንደሚያመራ፣ ከኤ.ኤል.ኤስ. ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥም ይህን እንደሚያፋጥን አሳየ።

እነዚህ ሥራዎች ጠንካራ ነበሩ፤ ሃይማንና ብራንግዊንም የ2023ን የብሬክስሩ ሽልማት አግኝተዋል። ችግሩ የመጣው ከተከታዮቻቸው ነው። ከዚያ በኋላ በወጡ በርካታ ጽሑፎች ውስጥ አራት ሙከራዎች እንደ ሥርዓት ተደጋግመው ይታያሉ፦ በቱቦ ውስጥ ጠብታ ማሳየት፣ በሕዋስ ውስጥ የሚያበራ ክብ ነጥብ ማሳየት፣ በሌዘር የደበዘዘው ነጥብ ተመልሶ ሲበራ ማሳየት፣ በመጨረሻም ነጥቡ ሄክሳንዲዮል በተባለ አልኮል ሲሟሟ ማሳየት። አራቱ ከተሟሉ ነገሩ እንደተረጋገጠ ይቆጠራል። አራቱም ምስክሮች ግን መስቀለኛ ጥያቄ ይገባቸዋል።

በቱቦ ውስጥ የሚታየው ጠብታ

በቱቦ የሚደረገው ሙከራ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ፕሮቲኑን በባክቴሪያ በማምረትና በማጣራት ነው። ፕሮቲኑ ያለ ጊዜው እንዳይረጋ በቀላሉ የሚሟሟ ሌላ ፕሮቲን ይቀጠልለታል፤ በሙከራው ሰዓት ተቀጥላው በኢንዛይም ይቆረጣል። ከዚያም የጨው መጠን ይቀነሳል፣ አስፈላጊ ሲመስልም ፖሊኢትሊን ግላይኮል ይጨመራል። ውጤቱ በማይክሮስኮፕ ወይም የፈሳሹን መደፍረስ በብርሃን በመለካት ይነበባል።

እዚህ ላይ መነሳት ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ የክምችት ጥያቄ ነው። ስኳር በሻይ ውስጥ እስከ አንድ ልክ ድረስ ይሟሟል፤ ከዚያ ያለፈው ከሥር ይዘቅጣል። ጠብታ የሚሠሩ ፕሮቲኖችም እንዲሁ የሙሌት ልክ አላቸው። ከልኩ በታች ጠብታ የለም፤ ከልኩ በላይ ጠብታ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ፕሮቲን በቱቦ ውስጥ ጠብታ ሠራ ማለት ብቻውን ብዙም ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚያገኘው በሕዋሱ ውስጥ ያለው ክምችት ከሙሌት ልኩ ጋር ሲነጻጸር ነው። በሕዋስ ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፕሮቲን ተጨምሮ የተገኘ ጠብታ የሚያሳየው የፕሮቲኑን ኬሚስትሪ እንጂ የሕዋሱን ኑሮ አይደለም። ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ ድምዳሜ ላይ መድረስ፣ የደም ስኳር ሳይለኩ ስለ ስኳር ሕመም ብያኔ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የተጨመረውን ረዳት ይመለከታል። ፖሊኢትሊን ግላይኮል ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም፤ ለሆድ ድርቀትና አንጀትን ለምርመራ ለማጽዳት ያገለግላል። በላቦራቶሪ የሚጨመረው የሕዋሱን ውስጣዊ መጨናነቅ ይመስላል በሚል ነው። ነገር ግን ፕሮቲንን ከሟሟበት አስወጥተው ክሪስታል የሚያበቅሉ ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን የተገለገሉበት ይኸው ንጥረ ነገር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ብዙ ፕሮቲኖችን ለማስወጣት አቅም ያለው ነገር ከተጨመረ በኋላ ፕሮቲኑ መውጣቱ፣ በሕዋስ ውስጥ በራሱ ይወጣል ለማለት አያበቃም። ቢያንስ ረዳቱ በሌለበት፣ በተለያየ መጠንም በተጨመረበት ሁኔታ የተገኘው ውጤት አብሮ መቅረብ አለበት።

ሦስተኛው፣ በቱቦው ውስጥ የሌለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሃይማን ቡድን ጥናት ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል። ኤፍ.ዩ.ኤስ. በብዛት የሚገኘው በኒውክለስ ውስጥ ሆኖ ሳለ እዚያ በአብዛኛው ሟሙቶ ይኖራል። ምክንያቱ በኒውክለስ ውስጥ በብዛት ያለው አር.ኤን.ኤ መሆኑን ጥናቱ አሳይቷል፤ ጥቂት አር.ኤን.ኤ ጠብታን ሲያበረታታ፣ ብዙ አር.ኤን.ኤ ግን ይከላከለዋል። በኒውክለሱ ያለው አር.ኤን.ኤ በኢንዛይም እንዲፈርስ ሲደረግ ፕሮቲኑ ተሰባሰበ። ስለሆነም የተጣራ ፕሮቲን ብቻውን በቱቦ ውስጥ የሚያሳየው ጠባይ፣ ጎረቤቶቹ ባሉበት ከሚያሳየው ሊለይ፣ እንዲያውም ሊቃረን ይችላል።

የመደፍረስ ልኬትም የራሱ ጉድለት አለው። ፈሳሹን የሚያደፈርሰው ጠብታ ብቻ አይደለም፤ የረጋ ፕሮቲን ጓልም ብርሃን ይበትናል። መሣሪያው ሁለቱን አይለይም። ከዚህ የሚሻለው ዘዴ ቀላልና ርካሽ ነው፦ ናሙናውን በሴንትሪፉጅ አሽከርክሮ ከላይ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የፕሮቲን ክምችት መለካት። ፕሮቲኑ ብቻውን ባለበት ቱቦ የጠቅላላው መጠን ቢጨመርም ከላይ የቀረው ክምችት በሙሌት ልኩ ላይ ከጸና፣ እውነተኛ መለያየት ለመኖሩ አንድ ጥሩ ምልክት ተገኘ ማለት ነው። በጨው፣ በሙቀትና በክምችት ልዩነት የተደገመ እንዲህ ያለ ልኬት፣ ውብ ሆኖ ከተነሳ የማይክሮስኮፕ ሥዕል ይልቅ ብዙ ይናገራል።

በሕዋስ ውስጥ የሚታየው ክብ ነጥብ

ሁለተኛው ምስክር በሕያው ሕዋስ ውስጥ የሚታየው ነጥብ ነው። ፕሮቲኑ ከአረንጓዴ ብርሃን ሰጪ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ በሕዋስ ውስጥ እንዲመረት ይደረጋል፤ ክብ ነጥቦች ሲታዩ ጠብታ ናቸው ይባላል። ክብነት በውጥረት የተያዘ የፈሳሽ ገጽታ ምልክት መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና ተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 እስከ 250 ናኖሜትር የሚደርስ የመለየት ወሰን አለው። ከዚህ ያነሰ ማንኛውም ነገር፣ እውነተኛ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን፣ በመነጽሩ ውስጥ ክብ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የትንንሽ ነጥቦች ክብነት ከማይክሮስኮፑ እንጂ ከፕሮቲኑ ላይመጣ ይችላል።

ፕሮቲኑ የተመረተበት መጠንም አብሮ ሊመረመር ይገባል። ከውጭ የገባ ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ ከተፈጥሮው በላይ ያመርታል፤ ከሙሌት ልክ በታች የነበረውም ልኩን ያልፋል። ሕዋሱ ራሱ ባለው ዘረመል ላይ ምልክት መቀጠል ስለሚቻል፣ ከመጠን በላይ በተመረተ ፕሮቲን ላይ ብቻ የተመሠረተ ድምዳሜ ዛሬ በቂ ምክንያት የለውም። በፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2017 የተዋወቀውና በሰማያዊ ብርሃን ጠብታን የሚያስነሳው ዘዴም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በዘዴው ከፕሮቲኑ ጋር የሚያያዘው የዕፅዋት ፕሮቲን ብርሃን ሲያገኝ በራሱ የሚሰባሰብ ነው። ሙከራው ፕሮቲኑ ጠብታ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል፤ በተፈጥሮ ሕይወቱ ጠብታ ይሠራል ወይ የሚለውን ግን አይመልስም።

ሕዋሱን በፎርማልዲሃይድ አድርቆ ማየትም ከችግር አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ ሕዋሳት በዚህ መልክ ሲደርቁ አንዳንድ ፕሮቲኖች በሕያው ሕዋስ ያልነበረ ነጥብ ሲያሳዩ፣ ሌሎች ደግሞ የነበራቸውን ነጥብ እንደሚያጡ አረጋግጧል። የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ማድረቂያ ቲሹን እንደሚለውጥ ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ፤ ያው ጥንቃቄ እዚህም ያስፈልጋል።

በሌዘር የደበዘዘው ነጥብ መመለስ

ሦስተኛው ምስክር ፍራፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ሙከራ ነው። የሚያበራው ነጥብ በሌዘር ይደበዝዛል፤ ከዚያም ብርሃኑ የሚመለስበት ፍጥነት ይለካል። ብርሃኑ ቶሎ ከተመለሰ በነጥቡ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ይንቀሳቀሳሉ፣ ስለዚህ ፈሳሽ ነው ይባላል። በዚህ አባባል ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል ትክክል ነው፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። ከዲ.ኤን.ኤ ጋር ለጥቂት ሰከንዶች ተያይዞ የሚለቅ ፕሮቲንም የደበዘዘውን ቦታ በአዲስ ሞለኪውል ይሞላዋል። በነጻነት የሚንሳፈፍ ፕሮቲንም እንዲሁ። የመመለሻው ጊዜ ደግሞ በደበዘዘው ቦታ ስፋት ይለዋወጣል፤ ፈሳሽ ናቸው በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ የተመዘገበውም ከሰከንዶች እስከ ደቂቃዎች ይደርሳል።

ይህ ለጤና ባለሙያ የታወቀ ችግር ነው። የዊዳል ምርመራ አዎንታዊ መሆን ታይፎይድ አለ ለማለት እንደማያበቃ፣ ቀደም ሲል ያለፈ ወይም ሌላ ሕመም ያንኑ ውጤት ሊያስገኝ እንደሚችል ማንኛውም ጠንቃቃ ሐኪም ያውቃል። ፍራፕም አንድን ክስተት ከሌላው ለይቶ የማወቅ ብቃቱ ዝቅተኛ የሆነ ምርመራ ነው። የሞለኪውሎችን መንቀሳቀስ ይመሰክራል፤ የሚንቀሳቀሱበትን ምክንያት አይናገርም። ከነጥቡ ግማሹን ብቻ አደብዝዞ ሞለኪውሎቹ በነጥቡ ውስጥ እንዴት እንደሚቀላቀሉ፣ በድንበሩ በኩልስ እንዴት እንደሚገቡ ለይቶ መለካት የተሻለ ነው። ይህን ያደረጉ ጽሑፎች ግን ካላደረጉት ያነሱ ናቸው።

ሄክሳንዲዮል

አራተኛው ምስክር ከሁሉም ደካማው ነው። 1፣6-ሄክሳንዲዮል የተባለው አልኮል እ.ኤ.አ. በ2002 የኒውክለስ ቀዳዳዎችን አጥር ለማላላት ጥቅም ላይ ውሎ ነበር። በኋላ ፈሳሽ ጠብታን ያሟሟል፣ ጠጣሩን ግን አይነካም በሚል እንደ መለያ ተወሰደ፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ በሆነ ክምችትም በሕዋሳት ላይ ይፈስስ ጀመር። ከሕዋስ ጋር ለሚሠራ ሰው ይህ መጠን ራሱ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ይኸው አልኮል በ1 በመቶ ክምችት ብቻ የካይኔዝና የፎስፋቴዝ ኢንዛይሞችን ሥራ በብርቱ እንደሚያውክ፣ የዲ.ኤን.ኤ ፖሊመሬዝንም በከፊል እንደሚገታ አሳይቷል። የብዙ ጠብታዎች መኖርና መበተን በፎስፌት መጨመርና መቀነስ የሚመራ በመሆኑ፣ ነጥቡ የጠፋው ስለሟሟ ነው ወይስ ኢንዛይሞቹ ስለቆሙ ነው የሚለውን ሙከራው ሊለይ አይችልም። ሄክሳንዲዮል በተጣራ ፕሮቲን ላይ የተወሰነ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ በሕያው ሕዋስ ላይ ግን ዋና ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

የሄርፒስ ቫይረስ ትምህርት

ከላይ የተዘረዘሩት ሥጋቶች የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ እንዳልሆኑ እ.ኤ.አ. በ2019 በበርክሌይ የሮበርት ቲጃንና የዛቪዬ ዳርዛክ ቡድኖች ያወጡት ጥናት ያስረዳል። የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ዓይነት 1 ቫይረስ በኒውክለስ ውስጥ የሚባዛባቸው ስፍራዎች ክብ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ይዋሃዳሉ። የሕዋሱን አር.ኤን.ኤ ፖሊመሬዝ 2ም ወደ ውስጣቸው ይሰበስባሉ። በተለመደው መመዘኛ የፈሳሽ ጠብታ መባል ይገባቸው ነበር።

ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ አልረኩም። የእያንዳንዱን ሞለኪውል ጉዞ ተከታተሉ። ፖሊመሬዙ በስፍራው ውስጥ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከውጭ ካለው አልተለየም፤ ድንበሩን ሲያቋርጥም የገጠመው እንቅፋት አልነበረም። እውነተኛ ጠብታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ሊለወጡ ይጠበቅ ነበር። የመሰብሰቡ ምክንያት ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ የቫይረሱ ዲ.ኤን.ኤ እንደ ሰው ዲ.ኤን.ኤ በሂስቶን ላይ በጥብቅ ያልተጠቀለለ፣ ለመያያዝ የተጋለጠ በመሆኑ ፖሊመሬዙ በየደረሰበት ለአጭር ጊዜ እየተያያዘ በዚያው ይቀራል። መልኩ ከጠብታ ጋር አንድ ነው፤ አሠራሩ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። ልዩነቱም ለሕክምና ዋጋ አለው። ጠብታን ለማሟሟት የተነደፈ መድኃኒት እንዲህ ባለው ስፍራ ላይ የሚሠራበት ምክንያት አይኖረውም።

ከቱቦ ወደ ሕመምተኛ

ከሁሉም የሚከብደው ዝላይ ከላቦራቶሪ ወደ ሕመም የሚደረገው ነው። በቱቦ ውስጥ በሰዓታት የሚጠጥር ጠብታ፣ በሰው ነርቭ ውስጥ በዐሥርት ዓመታት ለሚደርሰው ጉዳት ምሳሌ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን ከሕመምተኛው ቲሹ መምጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከካምብሪጅ የወጣ ጥናት ይህን በጉልህ አሳይቷል። ኤፍ.ዩ.ኤስ. ይከማችበታል ተብሎ በሚታወቀው የአንጎል ፊተኛና የጎን ክፍል መመንመን ሕመም ሕይወታቸው ካለፈ አራት ሰዎች አንጎል የተወሰዱት የአሚሎይድ ክሮች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረመሩ፣ የተሠሩት ከኤፍ.ዩ.ኤስ. ሳይሆን ከዘመዱ ከቲ.ኤ.ኤፍ.15 ሆኖ ተገኘ። ይህን ግኝት ስለ ኤፍ.ዩ.ኤስ. የተሠራ የቱቦ ሙከራ ብቻውን ሊያስገኘው አይችልም ነበር።

በካንሰር ሕክምናም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ታዋቂ ጥናት ሲስፕላቲንና ታሞክሲፈንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በኒውክለስ ፕሮቲኖች ጠብታ ውስጥ እንደሚከማቹ ገልጿል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መድኃኒት በሕዋስ ውስጥ በእኩልነት እንደማይሠራጭ ያስታውሳል። ዳሩ ግን ዋናው ልኬት የተደረገው በቱቦ ውስጥ በተሠሩ ጠብታዎች ላይ ነው፤ በራሳቸው የማያበሩትም መድኃኒቶች ለመታየት ማቅለሚያ ተያይዞላቸዋል። እንደ ሲስፕላቲን ባለ ትንሽ ሞለኪውል ላይ የተያያዘ ትልቅ ማቅለሚያ የሞለኪውሉን ጠባይ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ግኝቱ ወደ አልጋው አጠገብ ከመድረሱ በፊት ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል።

የትችቱም ወሰን

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ዘርፉ መሠረት የለውም ማለት ሌላ ስህተት ይሆናል። የትሏ ቅንጣቶች መፍሰስና መዋሃድ በሕያው ሕዋስ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሥራ የኤፍ.ዩ.ኤስ. ቤተሰብ ፕሮቲኖች የሙሌት ልክ በታይሮሲንና በአርጂኒን ብዛት ሊተነበይ እንደሚችል አሳይቷል፤ ይህም አንድን አሚኖ አሲድ በሌላ በመተካት ሐሳቡን ለመፈተን ያስችላል። ተቺዎችም ቢሆኑ መስፈርታቸውን በጥንቃቄ መጠቀም አለባቸው። በሕዋስ ውስጥ ብዙ ፕሮቲኖች አብረው ስለሚሠሩ የሙሌት ልክ እንደ ቱቦው የጸና አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2020 የብራንግዊን ቡድን አረጋግጧል። ስለዚህ ለአንድ ፕሮቲን የወጣውን ቀላል ሕግ በሕዋስ ላይ ጭኖ፣ ሕጉ ስላልተከበረ ጠብታ የለም ማለትም አይቻልም።

ማጠቃለያ

የጤና ባለሙያው በዚህ ዘርፍ የወጣ ጽሑፍ ሲያነብ ወይም ስለ አዲስ መድኃኒት ተስፋ ሲሰማ ሊያነሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። የፕሮቲኑ ክምችት በሕዋስ ውስጥ ስንት ነው፣ የሙሌት ልኩስ? ጠብታው የታየው ያለ ረዳት ነው ወይስ በፖሊኢትሊን ግላይኮል? ነጥቡ የታየው በተፈጥሮ መጠን በተመረተ ፕሮቲንና በሕያው ሕዋስ ነው? ከጠብታ ሌላ ያለው ማብራሪያ፣ በተለይም ከዲ.ኤን.ኤ ወይም ከአር.ኤን.ኤ ጋር መያያዝ፣ ተፈትሿል? ጠብታ መሥራቱን ብቻ የሚያሳጣ የዘረመል ለውጥ ሲደረግ ተግባሩስ አብሮ ጠፍቷል? ከሁሉም በላይ፣ ግኝቱ በሕመምተኛ ቲሹ ላይ ታይቷል?

የኤ.ኤል.ኤስ. እና የአልዛይመር ሕመምተኞች ቤተሰቦች በየጊዜው ስለሚወጡ ተስፋዎች ማብራሪያ የሚጠይቁት ሐኪማቸውን ነው። ለእነርሱ የሚሰጠው መልስ ታማኝ የሚሆነው በቱቦ ውስጥ የታየውን ከቱቦው ውጭ ከተረጋገጠው ለይቶ ሲያስረዳ ነው። ለተመራማሪውም ቢሆን የሚቀረው ሥራ የግድ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። በጥንቃቄ የተለካ ክምችት፣ የተሟላ ማነጻጸሪያና ተለዋጭ ማብራሪያን የሚፈትን አንድ ሙከራ፣ በብዙ ውብ ሥዕሎች ከተሞላ ጽሑፍ ይልቅ ሕመምተኛውን ይጠቅመዋል።